ሕግና ኑሮ፦ የልጅ ጉዳይ የሚመከርበት ወንበር

«እገሌ የተባሉ የስቴት ምክር ቤት አባል በወጣት ጥፋተኞች ፍትሕ አማካሪ ኮሚቴ እንዲያገለግሉ ተሾሙ።» እንዲህ ያለች ዜና በኮሎራዶ ስትወጣ አራት መስመር አትሞላም። በኮልፋክስ ወይም በሃቫና ጎዳና ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጦ ቡናውን የሚጠብቅ ሐበሻ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ዐይኑ አያርፍባትም። ሹመት ሲባል ሀገር ቤት የለመደው ካባ ያለበት፣ አጃቢ የሚከተለው፣ «እንኳን ደስ ያለዎት» የሚያሰኝ ነገር ነው። ይህኛው ሹመት ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ወንበር ማግኘት ብቻ ነው። ስብሰባ፣ የወረቀት ክምር፣ እንደገና ስብሰባ።

ይሁንና ያቺ አራት መስመር ዜና ከብዙ የካፒቶል ወሬ ይልቅ ወደ ሐበሻ ቤት የምትቀርብበት ምክንያት አላት። ልጅ በስንት ዓመቱ ሊከሰስ ይገባል? ፖሊስ ሲይዘው እናቱ በሌለችበት ቃሉን መቀበል ይችላል? በዐሥራ ስድስት ዓመቱ እንደ ዐዋቂ ይፈረድበት? የወጣቶች ማቆያ ቤት ስንት አልጋ ይኑረው? ምክር ቤቱ እጁን አውጥቶ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች የሚላጉት በእንደዚያ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ነው።

አንድ ልጅ፣ ሦስት ፍርድ ቤት

እስቲ አንድ ቤት ይታሰብ። አባት በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። እናት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ከጧት እስከ ማታ ቆማ ትውላለች። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጓደኛው መኪና ይዞ ይጠብቀዋል፤ ከኋላ ወንበር ይገባል። መኪናው የተሰረቀ ነው። ልጁ አውቆ ይግባ ሳያውቅ ይግባ፣ ፖሊስ ሲያስቆማቸው አራቱም ልጆች እጃቸው ይታሰራል። በ2023 በወጣ ሕግ ደግሞ በኮሎራዶ የመኪና ስርቆት የመኪናው ዋጋ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከባድ ወንጀል ሆኗል።

ቀጥሎ የሚሆነው መኪናው በቆመበት ቦታ ይወሰናል። ከዮሰሚቲ ጎዳና በስተምዕራብ ከሆነ ዴንቨር ነው፤ ዴንቨር ደግሞ ራሱን የቻለ የወጣቶች ፍርድ ቤት አላት። ከዮሰሚቲ በስተምሥራቅ ከሆነ ኦሮራ ነው። እዚያም ከኮልፋክስ በስተሰሜን አዳምስ ካውንቲ ይሆንና ጉዳዩ ወደ ብራይተን ይሄዳል፤ በስተደቡብ አራፓሆ ካውንቲ ይሆንና ወደ ሴንቴኒያል ይሄዳል። አንድ ልጅ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ጥፋት ሆኖ ሳለ ሦስት ዐቃቤ ሕግ፣ ሦስት ፍርድ ቤት። እናቱ በአውቶቡስ የምትሄድ ከሆነ ልጇ ከኮልፋክስ ወዲህ መያዙና ወዲያ መያዙ የአንድ ቀን ደመወዝ ልዩነት አለው።

ልጁ ከታሰረ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ጠበቃም ይቆምለታል፤ በ2014 የወጣው ሕግ ይህን አጥብቆታል። ፖሊስ በቁጥጥር ሥር ያዋለውን ልጅ ሲጠይቅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አጠገቡ ከሌለና መብታቸው ለሁለቱም ካልተነገራቸው፣ ልጁ የሰጠው ቃል በራሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። በ2023 ደግሞ ፖሊስ አውቆ በሐሰት አታሎ ከልጅ የተቀበለውን ቃል ማስረጃ ማድረግን የሚገድብ ሕግ ተጨምሯል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ወላጁ እዚያ እንዲገኝ ሕጉ ያዘዘው ልጁን እንዲጠብቅ ነው። የሐበሻ ወላጅ ግን ፖሊስ ፊት ሲቀርብ ሌላ ልማድ ይዞ ይመጣል። ባለሥልጣን ያከብራል፤ ያፍራል፤ ይናደዳል። «ተናገር! እውነቱን ንገራቸው! ያሳደግኩህ እንዲህ ነው?» ይላል። ያንን ያለው ከፍቅርና ከጨዋነት ነው። ሆኖም ልጁን ዝም የማለት መብት እንዲጠቀም እንዲረዳው የተጠራው ሰው፣ ከመርማሪው በላይ መርማሪ ሆኖ ያርፋል። ከዚያም ወረቀት ይመጣል። ልጅና ወላጅ አብረው ከፈረሙ መብቱን መተው ይቻላል። እንግሊዝኛው ያልገባው አባት ደግሞ ምን እንደ ፈረመ የሚጠይቀው ማንን ነው? ያንኑ እጁ የታሰረውን ልጁን።

ሕጉ ከየት መጣ?

የልጅ ጥፋት ከዐዋቂ ጥፋት ተለይቶ ይታይ የሚለው ሐሳብ በዴንቨር ረጅም ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው የወጣቶች ፍርድ ቤት በ1899 በቺካጎ ተከፈተ። በዴንቨር ደግሞ በ1901 የዳኝነት ወንበር የያዙት ዳኛ ቤን ሊንዚ ሕፃናትን ከዐዋቂ እስረኛ ጋር ማጎሩን ተቃውመው ተነሡ፤ የኮሎራዶ የወጣቶች ፍርድ ቤት ሕግም በ1903 ወጣ። ሊንዚ የፈረዱባቸውን ልጆች ያለ አጃቢ፣ የራሳቸውን የፍርድ ወረቀት በእጃቸው አስይዘው፣ ወደ ጎልደን የጠባይ ማረሚያ ቤት ብቻቸውን በመላክ ታወቁ። «እምነት ጥዬብሃለሁ» ነው ነገሩ። ዛሬ በምዕራብ ኮልፋክስ ያለው የፍርድ ቤት ሕንፃ ስማቸውን ከሌላ ዳኛ ጋር ይዟል።

እምነት ብቻውን ግን አልበቃም። ደግ ዳኛ ባለበት ልጁ ይድናል፤ ክፉ ዳኛ ባለበት ማን ይናገርለታል? በአሪዞና አንድ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ በስልክ ብልግና ተናግሯል ተብሎ ያለ ጠበቃ እስከ ሃያ አንድ ዓመቱ ድረስ እንዲታሰር ተፈረደበት። የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1967 ይህን ሽሮ፣ ልጅም ጠበቃ የማግኘት፣ የተከሰሰበትን የማወቅና በራሱ ላይ ያለመመስከር መብት አለው ሲል ወሰነ።

ከዚያ ነፋሱ ዞረ። በ1993 ዴንቨር «የዓመፅ በጋ» የሚል ስም የወጣለት ክረምት አሳለፈች። በተኩስ የተመቱት ሕፃናት ወሬ ከተማውን አስደነገጠ፤ ገዥው ሮይ ሮመር በመስከረም ልዩ የምክር ቤት ስብሰባ ጠሩ። ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሽጉጥ እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ዐቃቤ ሕግ ዳኛ ሳያስፈቅድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅን ሳይቀር በከባድ ወንጀል በዐዋቂዎች ፍርድ ቤት የሚከስበት በር ሰፋ። በድንጋጤ የተከፈተው በር እስኪጠብ ድረስ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ በ2010ና በ2012 በወጡ ሕጎች ዕድሜው ወደ ዐሥራ ስድስት ከፍ ተደረገ፤ ዳኛውም ጉዳዩን ወደ ወጣቶች ፍርድ ቤት የመመለስ ሥልጣን አገኘ።

ለስደተኛ ይህ በር ከሌላው ሰው ይልቅ ጠባብ ወይም ሰፊ መሆኑ ብዙ ያሳስበዋል። ምክንያቱም በወጣቶች ፍርድ ቤት ጥፋተኛ መባል በኢሚግሬሽን ሕግ ዘንድ በዐዋቂ ላይ እንደሚሰጥ የወንጀል ፍርድ አይቆጠርም፤ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚው ቦርድ በ2000 ይህንኑ አጽንቷል። በዐዋቂዎች ፍርድ ቤት የተፈረደበት ልጅ ግን ግሪን ካርዱን ይዞ ወደማያውቀው ሀገር የሚያስመልሰው መዝገብ ሊከፈትበት ይችላል። በሌላ አነጋገር የልጁን ቅጣት ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ አብሮ መኖሩን የሚወስነው፣ የትኛው ፍርድ ቤት ፊት ቆመ የሚለው ነው።

ወንበሮቹ እነማን ናቸው?

በ2007 የኮሎራዶ ምክር ቤት የወንጀልና የወጣት ጥፋተኞች ፍትሕ ኮሚሽን የሚባል አቋቋመ። ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ተከላካይ ጠበቃው፣ የተበዳዮች ወኪል በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ ተደረገ። ከወንበሮቹ አራቱ ለምክር ቤት አባላት የተጠበቁ ነበሩ፤ ከሁለቱም ምክር ቤቶች፣ ከሁለቱም ፓርቲዎች መሪዎች ይሰየሙባቸዋል። የምክር ቤት አባል ጥቅሙ የተመከረውን ነገር ተሸክሞ ሕግ አድርጎ ማውጣቱ ነው። እሱ ከሌለ ምክሩ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ የተመረጡት ፒት ሊ በዚያ ኮሚሽን ከተቀመጡት አንዱ ነበሩ። በ2011ና በ2013 እርሳቸው የገፉት ሕግ በደለኛው ልጅ ከተበዳዩ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ፣ ጥፋቱን አምኖ፣ የሚክስበትን መንገድ በስምምነት የሚያበጅበትን አሠራር አስፋፋ። ለአሜሪካኖቹ አዲስ ነገር መስሎ የቀረበው ይህ አሠራር ለኢትዮጵያዊ ምን አዲስ አለው? ሽማግሌ ተቀምጦ፣ በዳይ «አጥፍቻለሁ» ብሎ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ዕርቅ ወርዶ መለያየት እኮ በየመንደሩ የኖረ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሽምግልናን ከልጅነቱ ጀምሮ ያየ ሰው ቢቀመጥ የሚያስተምረው አያጣም ነበር። እኚሁ ሊ በ2019 የወጣቶች ፍትሕ ማሻሻያ ሕግን አወጡ። ልጅን ከማሰር በፊት በአንድ ወጥ መመዘኛ ማየትንና ቀላል ጥፋት ያጠፋውን ከፍርድ ቤት ውጭ ማረምን ያጠናከረ ሕግ ነው፤ ሥራ ላይ እንዲውልም ሌላ ኮሚቴ ተሰየመለት።

ከኮሚቴ ወደ ሕግ የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም። በኮሎራዶ ሕግ ልጅ ከዐሥር ዓመቱ ጀምሮ ሊከሰስ ይችላል። (የ1996ቱ የኢትዮጵያ ወንጀል ሕግ፣ በሀገር ቤት አቆጣጠር፣ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን አይከስም።) በ2022 አንድ ግብረ ኃይል ዕድሜው ከፍ ቢል ለትንንሾቹ ልጆች ምን አገልግሎት ያስፈልጋል የሚለውን አጠና። በ2023 ወደ ዐሥራ ሦስት ከፍ ይበል የሚል ረቂቅ ቀረበ። ዐቃብያነ ሕግ ተቃወሙ፤ ክርክሩ ጠነከረ። በመጨረሻ ሕጉ ሲወጣ ዕድሜው ዐሥር እንደ ነበረ ቀረ፤ ለትንንሾቹ ልጆች የሚሰጠው እርዳታ ብቻ ተጨመረ። የማቆያ አልጋውም ነገር እንዲሁ ነው፤ በ2003 በስቴቱ ሁሉ 479 የነበረው ጣሪያ እየተቀነሰ ሄዶ በ2019 ወደ 327፣ በ2021 ወደ 215 ወረደ። ከዚያ ወዲህም «በዛ» የሚለውና «አነሰ» የሚለው ክርክር አላቆመም። ኮሚሽኑ ራሱ በ2023 ምክር ቤቱ ዕድሜውን ሳያራዝምለት ቀረና ተዘጋ፤ ገዥው ጃሬድ ፖሊስም በምትኩ የሥራ ቡድን በትእዛዝ አቋቋሙ። ወንበሩ ስሙ ይለወጣል እንጂ ጥያቄው አይጠፋም።

ሁለቱም እናቶች

የወጣት ጥፋተኛ ነገር ሲነሣ የተበደለውን መርሳት አይገባም። ኦሮራን በምክር ቤት ለዓመታት የወከሉት ሮንዳ ፊልድስ ወደ ፖለቲካ የገቡት በሐዘን በር ነው። ልጃቸው ጃቫድ በአንድ የግድያ ክስ ላይ ለመመስከር ሲዘጋጅ፣ በሰኔ 2005 ከእጮኛው ከቪቪያን ዎልፍ ጋር በኦሮራ ተገደለ። እናቲቱ በ2010 ለታችኛው ምክር ቤት፣ በ2016 ለሴኔት ተመረጡ። በ2020 የሞት ቅጣት ሲሻር ፓርቲያቸው በብዛት ሲደግፍ እርሳቸው በሐዘናቸው ጸንተው ተቃወሙ። የተስማማቸውም ያልተስማማቸውም ማንም ሰው ቢሆን ያቺን እናት «አላወቁትም» ሊላቸው አይችልም።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሁለቱም እናቶች ወንበር ሊኖር ይገባል፤ ልጇን የቀበረችውና ልጇ የታሰረባት። ሁለቱም በሌሉበት የሚመከር ምክር የወረቀት ምክር ነው። ከላይቤሪያ በልጅነታቸው ተሰደው ኦሮራ ያደጉት ናኬታ ሪክስ በ2020 ለስቴቱ ምክር ቤት ሲመረጡ፣ አፍሪካዊ ስደተኛ ሕግ ወደሚወጣበት አዳራሽ በመራጭ ድምፅ መግባት እንደሚችል አሳይተዋል። መግባት ከተቻለ ደግሞ በኮሚቴው መቀመጥም ይቻላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ በርም አለ። የፌዴራሉ የወጣት ጥፋተኞች ፍትሕ ሕግ በ1974 ሲወጣ እያንዳንዱ ስቴት አማካሪ ቡድን እንዲኖረው አዘዘ። በኮሎራዶ ይህ ሥራ በሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የወጣት ጥፋተኞች ፍትሕና የጥፋት መከላከል ምክር ቤት ነው። አባላቱን የሚሾሙት ገዥው ናቸው፤ ቁጥራቸው ከ15 እስከ 33 ይሆናል። በ2018 የታደሰው ሕግ እንደሚለው ከአምስት አንዱ ሲሾም ዕድሜው ከ28 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ አብዛኞቹ የመንግሥት ሙሉ ቀን ሠራተኛ መሆን የለባቸውም። ቢያንስ ሦስቱ ራሳቸው በወጣቶች ፍትሕ ሥርዓት ውስጥ ያለፉ ይሁኑ፤ እነሱ ካልተገኙ ወላጆቻቸው ወይም አሳዳጊዎቻቸው ይሁኑ ይላል። ልብ ይባል፤ ሕጉ ያፈረበትን ታሪክ ይዞ የመጣውን ልጅና ወላጁን ፈልጎ «ና ተቀመጥ» ይላል። የታክሲ ነጂ አባት፣ የመጦሪያ ቤት ሠራተኛ እናት፣ ኮሌጅ የገባ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከዚህ ወንበር አልተከለከሉም።

ገበናና መድኃኒት

ታዲያ ሐበሻው ለምን አይታይም? መልሱ ከቤት ውስጥ ነው። ልጁ የታሰረበት ቤት መጋረጃውን ይዘጋል። ዕድር ላይ አይነገርም፤ ከቅዳሴ በኋላ አይወራም፤ መስጊድ በር ላይ አይነሣም። «ልጁ የታለ?» ሲባል «ቴክሳስ አጎቱ ጋ ሄዷል» ይባላል። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ተብሎ ነው ያደገው ትውልድ። ግን ደግሞ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚልም ተረት አለ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚበጀው ሁለተኛው ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ ያንኑ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲሠራ ይኖራል።

ስለዚህ ለዕለቱ የሚሆን ጥቂት ነገር ከዚህ ይወሰድ። ልጅ የተያዘ እንደ ሆነ ወላጅ ፈጥኖ ይድረስ፤ ከደረሰ በኋላ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ጠበቃ ይሁን። ልጁን ቤት ወስዶ መገሠጽ ሌላ ጊዜ አለው፤ ፖሊስ ጣቢያ ግን የምክር ቦታ አይደለም። ያልገባ ወረቀት አይፈረም። ፍርድ ቤት አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባልና የአማርኛ፣ የትግርኛ ወይም የኦሮምኛ አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ ተከሳሹ ልጅ የገዛ ፍርዱን ለእናቱ አያስተርጉም። የቀጠሮ ቀን ወላጅም መገኘት ግዴታው ነው፤ አለቃን ማስፈቀድ ያስቸግራል፣ ግን መቅረት ወላጁንም ያስጠይቃል። በ2021 የወጣው ሕግ በልጆች ላይ ይጫን የነበረውን ብዙውን የፍርድ ቤት ክፍያ አስቀርቷልና የድሮ ወሬ ሰምቶ በገንዘብ ፍርሃት መሸሽ አያስፈልግም።

ነገሩ ካለቀ በኋላ መዝገቡ እንዲሰረዝ ይጠየቅ፤ የ2017ቱ ሕግ መንገዱን አቅልሎታል። የኢሚግሬሽን ቅጽ ግን የተሰረዘውንም ይጠይቃልና የፍርድ ቤቱ ወረቀት ቅጂ ከመሰረዙ በፊት ተወስዶ ይቀመጥ፤ ቅጹም ከመሞላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ዐሥራ ስምንት ሳይሞላው አብሮት የሚኖረውና የሚያሳድገው ወላጁ ዜግነት ካገኘ ልጁም ዜጋ ይሆናል። «ነገ እሞላዋለሁ» የተባለው የዜግነት ማመልከቻ ስንት ልጅ ሊያድን እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው ሥራ የማኅበር ነው። የምክር ቤት አባል በኮሚቴ ተሾመ የሚል ዜና ሲወጣ፣ የዚያ ሰው ቢሮ ስልክ አለው። መራጭ ደውሎ «በኦሮራ የሚኖሩ የሐበሻ ወላጆች የሚነግሩዎት አለ» ቢል፣ ስሙን የሚጽፍ ሠራተኛ አለ። ስብሰባዎቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ምስክርነት ለመስጠት ዲግሪ አይጠየቅም። ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የኮሙኒቲው ማኅበር በዓመት አንድ ቀን ለዚህ ነገር ቢሰጥና አንድ የወጣቶች ፍርድ ቤት ጠበቃ ጠርቶ ቢያነጋግር፣ አንድ ወጣትና አንዲት እናት ለገዥው ሹመት እንዲያመለክቱ ቢገፋፋ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ባዶ ወንበርም እንዲሁ ነው፤ የተቀመጠበት ሰው በሌለበት ላልተቀመጠው ይወስንለታል።

ያ ከኋላ ወንበር የገባው የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ በዚህ ሳምንትም ከአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ይሆናል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ልጅ ነው። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይላሉ አባቶች። እናቱ ስትጠራ መጥታ አጠገቡ እንድትቀመጥ ሕጉ አንድ ወንበር አስቀምጦላታል። እዚያ ስትቀመጥ ምን ማድረግ እንዳለባት አስቀድሞ የነገራት ሰው ሊኖር ይገባል።